ኦዲተሩ «ይቀጥል ይሆን?» ብሎ ሲጽፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይነጋገሩ፣ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። አራቱም ከጎንደር የተላኩ ናቸው፤ ስማቸውና የድርጅታቸው ስም እንዳይወጣ በጠየቁት መሠረት ትተነዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ ብዙውን ቦታ ወስዷል፤ ሌሎቹ አንባቢያን ቅር እንዳይላቸው እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ «ከወንድሞቼና ከእህቴ ጋር በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቁመን ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ሆቴል እናስተዳድራለን፤ ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እንግዳ ጠፋ፤ እሱ ሳይለቀን ጦርነቱ ተከተለ፤ ከዚያ ወዲህም ቱሪስት እንደ ድሮው አልተመለሰም። ባንኩ የብድራችንን መክፈያ ጊዜ ሁለት ጊዜ አራዝሞልናል፤ ሦስተኛውን ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። ኦዲተራችን ግን በዘንድሮው ሪፖርት ላይ ድርጅቱ በሥራ ላይ መቀጠሉን የሚያጠራጥር ጉልህ ሁኔታ አለ የሚል አንቀጽ እንደሚያስገባ ነግሮናል። ይህ ወረቀት ባንክ ከገባ ማራዘሚያው ይቀራል፤ ዱቤ የሚሰጡን ነጋዴዎች ከሰሙም በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ገበያው ያልገደለንን ይህ አንቀጽ ሊገድለን ነው። እንዲያወጣው ማስገደድ እንችላለን? ካልሆነስ ኦዲተር ብንቀይር?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ማስገደድ አትችሉም፤ ኦዲተር መቀየሩ ደግሞ የምትፈሩትን ነገር ያባብሰዋል። ምክንያቱን ለማየት ግን አንቀጹ ምን እንደሚል፣ በተለይም ምን እንደማይል፣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማንኛውም የሂሳብ መግለጫ ሲዘጋጅ በዝምታ የሚታሰብ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ድርጅቱ ነገም ከነገ ወዲያም ሥራውን እንደሚቀጥል ነው። የሆቴላችሁ አልጋ፣ ጄኔሬተርና የወጥ ቤት ዕቃ በመዝገብ ላይ የተቀመጡት ከተገዙበት ዋጋ የየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተነሳ ነው፤ ለብዙ ዓመት እንግዳ ይስተናገድባቸዋል ተብሎ ስለታሰበ። ነገ በሐራጅ የሚሸጡ ቢሆን ኖሮ ያ ቁጥር ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ አንድ ያገለገለ አልጋ ሐራጅ ላይ ምን እንደሚያወጣ ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «ይቀጥላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ ትችት ሳይሆን ሂሳቡ ራሱ የቆመበት መሠረት ነው። ይህን ጥያቄ የመመለስ ግዴታም መጀመሪያ የእርስዎና የማህበርተኞችዎ እንጂ የኦዲተሩ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 1 የድርጅት አመራር ቢያንስ ከሂሳብ ዓመቱ መዝጊያ ጀምሮ ያሉትን 12 ወራት ተመልክቶ የመቀጠል አቅሙን እንዲመዝንና አጠራጣሪ ነገር ካገኘም በግልጽ እንዲጽፍ ያዛል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 እነዚህን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አስገብቷል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ኦዲተሩ የሚያደርገው እናንተ የመዘናችሁትን እንደገና መመዘን ነው።

እዚህ ላይ ከነጋዴውም ከባንክ ሠራተኛውም ዘንድ በተደጋጋሚ የማገኘውን አንድ ስህተት ማረም እፈልጋለሁ። አንቀጹ ገባ ማለት ሂሳቡ ተነቀፈ ማለት አይደለም። እናንተ ሁኔታውን በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ ውስጥ በበቂ ሁኔታ ከገለጻችሁት፣ የኦዲተሩ አስተያየት ነቀፌታ የሌለበት ሆኖ ይቆያል፤ በሪፖርቱ ውስጥ የሚጨመረው የራሱ ርዕስ ያለው አንድ ክፍል ነው። ያ ክፍል የሚለውም፣ ባጭሩ፣ «በማብራሪያ ቁጥር ይህን ያህል የተጻፈውን ልብ በሉ፤ የተገለጹት ሁኔታዎች የድርጅቱን ቀጣይነት በጉልህ ያጠራጥራሉ፤ አስተያየታችን ግን በዚህ ምክንያት አልተለወጠም» ነው። ከስሯል አይልም፤ ይከስራል ብሎም አይተነብይም። እናንተ ማብራሪያውን አንጽፍም ካላችሁ ግን ኦዲተሩ በደረጃው ትእዛዝ አስተያየቱን ራሱን ለመለወጥ ይገደዳል፤ እንደ ክብደቱም ነቀፌታ ያለበት ወይም ጭራሹን ተቀባይነት የሌለው የሚል ይሆናል። አንቀጹን ለማስቀረት የሚደረገው ትግል የሚያመጣው ውጤት እንግዲህ ይህ ነው።

ኦዲተር ስለመቀየርም፣ አዲሱ ኦዲተር ሥራውን ከመቀበሉ በፊት የቀድሞውን «ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ የሙያው ሥነ ምግባር ነው። ከዚያም ባለፈ ማራዘሚያ የጠየቃችሁት ባንክ ሪፖርቱ ላይ አዲስ ስም ሲያይ ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ኦዲተሮቹ በቁጥር ጥቂት በሆኑበት፣ አብዛኞቹም በሰርግና በለቅሶ በሚገናኙበት ከተማ ይህን መደበቅ የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃታችሁ ልምጣ። «አንቀጹ ይገድለናል» ያሉት አባባል ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ አብዛኛው የሙያ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ እኔ ግን ግማሹን እቀበላለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ነገር ግን በሽታው ሲነገር ጠያቂው የሚሸሽበት ጊዜም አለ። ባንኩ ቢጠነቀቅ፣ አቅራቢው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ቢል፣ ጎበዙ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሌላ ሥራ ቢፈልግ፣ በጥርጣሬ የተጻፈው ነገር በጥርጣሬው ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል። የብድር ውሎችም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከተጻፈ አበዳሪው ዕዳውን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል የሚል ቃል ይይዛሉ፤ የእናንተን ውል ዛሬውኑ አውጥታችሁ ከዚህ አንጻር አንብቡት።

ነገር ግን ከዚህ ፍርሃት የሚወጣው ትምህርት «አንቀጹ ይቅር» ሳይሆን «አንቀጹ ብቻውን አይውጣ» የሚል ነው። አንድ ትልቅ ምሳሌ ላንሳ። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ 30.9 ቢሊዮን ዶላር ከከሰረ በኋላ ኦዲተሩ በመጋቢት 2009 በወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ስለ ቀጣይነቱ ከባድ ጥርጣሬ እንዳለው ጻፈ። የኩባንያው ዋና ዋና የብድር ውሎች እንዲህ ያለ አንቀጽ ከመጣ የውል ጥሰት ይሆናል ይሉ ነበር፤ ኩባንያው ግን ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ከአበዳሪዎቹ ዘንድ ሄዶ በዚህ ምክንያት ዕዳውን እንዳይጠሩበት ስምምነት አግኝቷል። በሰኔ 1 ቀን 2009 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ፤ በመንግሥት ገንዘብ ተደግፎም በ40 ቀን ውስጥ አዲስ ኩባንያ ሆኖ ወጣ። በእርግጥ እናንተ ጄኔራል ሞተርስ አይደላችሁም፤ የሚደርስላችሁ መንግሥትም የለም። ከታሪኩ የምወስደው ስለ ማስጠንቀቂያው አበዳሪው መጀመሪያ የሰማው ከሪፖርቱ ሳይሆን ከኩባንያው አፍ መሆኑን ነው።

የዝምታው ዋጋ ደግሞ በእንግሊዙ የግንባታና የአገልግሎት ኩባንያ በካሪሊዮን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ሂሳቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ የትርፍ ድርሻም ተከፈለበት። በሐምሌ ወር 845 ሚሊዮን ፓውንድ ከሂሳቡ መቀነስ እንዳለበት ታወቀ፤ በጥር 2018 ሲፈርስ በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ዕዳው ወደ 7 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። ኦዲተሩ ኬፒኤምጂም በ2023 የ21 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ከሥሩ ይሠሩ የነበሩ ትናንሽ ተቋራጮች እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በዱቤ ሲሠሩለት ነበር። የማስጠንቀቂያ አለመኖር ማንን እንደጎዳ ከዚህ ይታያል። እዚሁ ጎረቤታችን የኬንያ አየር መንገድም ኦዲተሮቹ ለብዙ ዓመታት ስለ ቀጣይነቱ እየጻፉበት በረራውን አላቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕዳው በከፊል ወደ አክሲዮን ተለውጦለታል፤ በ2024 ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ ኪሳራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን በትርፍ ዘግቷል። በውጭ አገር ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችም ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ በቀጣዩ ዓመት እንዳልከሰሩ፣ ከከሰሩት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈባቸው በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

እንግዲህ ኃይላችሁ ያለው ኦዲተሩ በሚጽፈው አንቀጽ ላይ ሳይሆን እናንተ በምትጽፉት ማብራሪያ ላይ ነው። የኦዲተሩ አንቀጽ ጣቱን ወደዚያ ማብራሪያ የሚጠቁም አጭር ጽሑፍ ነው፤ ባንኩ ጣቱን ተከትሎ ሲሄድ የሚያገኘው ነገር ዕጣችሁን ይወስናል። በዚያ ቦታ «ድርጅቱ በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ይገኛል፤ ወደፊት ይሻሻላል ተብሎ ይታመናል» የሚል ሁለት መስመር ካገኘ ይፈራል፤ ተገቢም ነው። በየወሩ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ የተሰላበት ዕቅድ ካገኘ ግን ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

በሆቴል ሥራ አንድ ልዩ ነገር አለ፤ ኦዲተራችሁም ቢሆን ሊዘነጋው ይችላል። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ጎንደር ክረምት ላይ ናት፤ ካዝናው ከዓመቱ ሁሉ የሚሳሳበት ወር ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈውም የግብር ማስታወቂያው ቀነ ገደብ ጥቅምት 30 ከመድረሱ በፊት በጥድፊያ ነው፤ ያን ጊዜ የገናና የጥምቀት እንግዳ ገና አልመጣም። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በዓሉን ለማክበር የሚመጣው የአገር ውስጥ እንግዳ ለብዙ ሆቴሎች የዓመቱን ወጪ ሸፋኝ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ትንበያው በዓመት አማካይ ሳይሆን በየወሩ ይሠራ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በጥር ወር የተያዙት ክፍሎች ብዛት ከመዝገባችሁ ወጥቶ ይያያዝበት፤ መንገድና ጸጥታ የሚያስተጓጉሉበትን ሁኔታም በአንድ የከፋ ግምት ውስጥ አስገቡ። የከፋውን ግምት ራሱ ባለቤቱ ያቀረበለት ባንክ ስለ ሰውየው ያለው ግምት ይጨምራል፤ ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ኦዲተሩ እንደ ማስረጃ የሚቀበለው ምን እንደሆነም ልብ በሉ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ «እንረዳችኋለን» ማለቱ ማስረጃ አይደለም፤ ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት የተፈረመ የማራዘሚያ ደብዳቤ ግን ማስረጃ ነው። ደብዳቤው በጊዜ ከደረሰና ትንበያውም ክፍያውን የሚሸፍን ከሆነ አንቀጹ ጭራሹን ላያስፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ትግላችሁን ከኦዲተሩ ቢሮ ወደ ባንኩ ቢሮ አዛውሩት። ወንድሞችዎ «እናግዛለን» ብለው የሚጽፉት ወረቀትም ገንዘቡ በእጃቸው መኖሩ ካልታየ ክብደት የለውም። ከዚህ ይልቅ ቀደም ሲል ለሆቴሉ አበድረውት የነበረ ገንዘብ ካለ ወደ ካፒታል እንዲዛወር ቢስማሙ፣ ወይም የባንኩ ዕዳ ሳያልቅ ላለመጠየቅ ቢፈርሙ፣ በአንድ ፊርማ የሀብትና ዕዳ መግለጫችሁ መልክ ይለወጣል። የቤተሰብ ድርጅት ከሌሎች የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ቢሆንም ብዙዎች አይጠቀሙበትም፤ ገንዘቡን በቃል ተበዳድረው በቃል ስለሚተዉት በሂሳብ መዝገብ ላይ ሁልጊዜ ዕዳ ሆኖ ይኖራል።

ባንኩን በተመለከተ፣ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ብድር የሚመደብበት ዋና መለኪያ ክፍያው የዘገየበት ቀን ብዛት ነው፤ 90 ቀን ያለፈው ከተበላሹት ብድሮች ተርታ ይገባል። የኦዲተር አንቀጽ በራሱ ብድራችሁን ወደዚያ አያወርደውም። የባንኩ ሠራተኛ ፍርሃት የሚመነጨው ከበላዩ ከሚመጣው ጥያቄ ስለሆነ፣ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ በእጁ አስገቡለት። ሪፖርቱ ከመድረሱ በፊት ማብራሪያውን፣ ትንበያውንና የማህበርተኞችን ስምምነት ይዛችሁ ሂዱ፤ ኦዲተሩ እንዲህ ያለ አንቀጽ እንደሚጽፍም ራሳችሁ ንገሩት። ትንበያው ራሱ ዕዳው እንደማይከፈል ካሳየ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ክፍያ ከመቆሙ በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ዕዳን አስቀድሞ ለማስተካከልና ድርጅትን መልሶ ለማደራጀት የሚያስችሉ ሥርዓቶችን አካቷል፤ የ1952ቱ ሕግ በዚህ ረገድ ጠባብ ነበር። ለዚህ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል። ጠበቃው የሚጠቅመው ግን ካዝናው ሙሉ በሙሉ ባዶ ከመሆኑ በፊት ሲጠራ ነው።

ጥያቄ፦ «ቅዳሜ ገበያ በእህል ንግድ የምተዳደር ሴት ነኝ። ለአንድ ዘይት መጭመቂያ ድርጅት ኑግ በዱቤ አቀርባለሁ፤ አሁንም ያልተከፈለኝ ገንዘብ አለ። ኦዲተር ‹ሊከስር ነው› ብሎ ጻፈባቸው የሚል ወሬ ሰማሁ። አንዱ አቁሚ ይለኛል፣ ሌላው ካቆምሽ የቀድሞውንም አታገኚም ይለኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም መካሪዎችዎ ከፊል እውነት ይዘዋል። በመጀመሪያ ወሬውን ከወረቀቱ ይለዩት፤ ኦዲተር «ሊከስር ነው» ብሎ አይጽፍም። የግል ማህበር ሪፖርት በጋዜጣ የሚወጣ አይደለምና ያልሰጡዎትን ማየት አይችሉም፤ ነገር ግን በዱቤ የምታቀርብ ነጋዴ ሪፖርቱን አሳዩኝ ብላ መጠየቅ ነውር የለበትም። ካሳዩዎት በንባብ የሚረዳዎት ሰው ይዘው የኦዲተሩን አንቀጽ ሳይሆን አንቀጹ የሚጠቁመውን ማብራሪያ ይመልከቱ፤ እዚያ ላይ ባንኩ ክፍያ ማራዘሙ በጽሑፍ መረጋገጡን፣ ጥሬ ዕቃ ከየት እንደሚገዙና ዘይቱን ለማን እንደሚሸጡ ይፈልጉ። ሊያሳዩዎት ካልፈለጉ ያም አንድ መልስ ነው።

እንዲህ ያለ ድርጅት ቢፈርስ የቤቱና የማሽኑ መያዣ ያለው ባንክ ከመያዣው ይቀበላል፤ የሠራተኛውን ክፍያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ያስቀድመዋል፤ መያዣ የሌለው የእርስዎ ዱቤ ከሚጠብቁት ጋር ይሰለፋል። ስለዚህ አዲስ ኑግ በአሮጌ ዕዳ ላይ አይከምሩ። የቆየውን ዕዳ በጽሑፍ አስፈርመው በየወሩ የሚከፈል ያድርጉት፤ አዲሱን ጭነት ደግሞ ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን እስከሚቀጥለው ጭነት ድረስ በሚዘልቅ አጭር ዱቤ ይስጡ፤ ያለፈው ሳይዘጋ ሌላ አይጫን። ሁሉም አቅራቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካቆመ መጭመቂያው ይቆማል፤ የቆመ መጭመቂያ የእርስዎን ዕዳ የሚከፍልበት ዘይት የለውም። እንዲህ ሲያደርጉ ድርጅቱን መርዳትዎ አይደለም፤ ያልተከፈለዎት ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ «በአንድ አክሲዮን ማህበር ውስጥ ጥቂት አክሲዮኖች አሉኝ። ኦዲተሩ የቀጣይነት ጥርጣሬ ጽፏል፤ ቦርዱ ግን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ‹ይህ የተለመደ የኦዲተር ቋንቋ ነው› ብሎ አለፈው። እውነት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። በሪፖርቱ ውስጥ ስለ ኃላፊነት የሚጻፉት ብዙ ገጾች የተለመዱ ናቸው፤ ይህኛው ርዕስ ግን በየዓመቱ በሁሉም ድርጅት ላይ የሚደገም አይደለም። በቀጣዩ ጉባኤ እጅዎን አውጥተው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ይበቃዎታል፤ «በማብራሪያው ላይ ለ12 ወራት የተዘረዘረው ዕቅድ ከተጻፈ ወዲህ ምን ያህሉ ተፈጸመ?» ቦርዱ በቁጥር ከመለሰ ያዳምጡት፤ በተስፋ ከመለሰ መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በአንድ ኦዲት ድርጅት ውስጥ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ከደንበኞቻችን የአንዱ ሂሳብ አጠራጣሪ ሆኖብኛል፤ አለቆቼ ‹ይህን ብንጽፍ ሰውዬው ይጠፋል፣ ከተማውም ይታዘበናል› ይላሉ። እኔም ሠላሳ ያህል ሠራተኞች እንዳሉ ሳስብ እጄ ይታሰራል። በእርግጥ ዝም ማለት የሚሻልበት ጊዜ የለም?»

መልስ፦ ልጄ፣ ለዚህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ ከራሴ ብመልስልህ ይሻላል። ከብዙ ዓመት በፊት ገና ወጣት ኦዲተር ሳለሁ የአንድ ድርጅት ሂሳብ ገጠመኝ። ባለቤቱ አባቴን ያውቁ ነበር፤ በአንድ እድር ውስጥ ነበርን፤ ወንድሜ ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ሂሳባቸውን ሳየው ገንዘቡ እስከ ፋሲካ እንኳ እንደማይደርስ ገባኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «አንድ ዓመት ልስጣቸው» ብዬ አንቀጹን ተውኩት፤ እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። እሳቸው ያን ንጹሕ ሪፖርት ይዘው ሌላ ብድር ወሰዱ፤ የመኖሪያ ቤታቸውንም በመያዣ አስገቡ። ቢጻፍባቸው ኖሮ የሚያጡት ድርጅቱን ብቻ ነበር፤ እኔ በሰጠኋቸው ዓመት ቤታቸውም አብሮ ሄደ። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ዛሬ ድረስ በደጃፋቸው በኩል ሳልፍ የማስበው ሂሳቡን ሳይሆን ያን አለመውቀሳቸውን ነው።

ስለ ሠላሳዎቹ ሠራተኞች የምትጨነቀው ትክክል ነህ፤ ነገር ግን ዝምታህ እነሱን አያድናቸውም፤ የሚለወጠው የሚያውቁበት ቀን ብቻ ነው። እጅህ የሚታሰረው «ልጻፍ ወይስ ልተው» ብለህ ስታስብ ከሆነ ጥያቄውን አስቀድመህ አምጣው። ኦዲቱ ገና ሲጀመር፣ ነሐሴ ላይ፣ ባለቤቱን «የሚቀጥሉትን 12 ወራት በወር በወር አሳዩኝ» በለው፤ ያን ጊዜ መድኃኒት ለመፈለግ ሁለት ወር አለው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በፊርማ ሰዓት የሚነሳ ጥያቄ ግን ለሰውየው ድንገተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም ጥያቄው መነሳቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

ለአለቆችህ ልትጠቅሰው የምትችለው አንድ አዲስ ነገርም አለ። የዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 570 ተሻሽሏል፤ ማሻሻያው እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 15 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዓመታት የሚያገለግል ነው። በእሱ መሠረት 12 ወራቱ የሚቆጠሩት ከሂሳብ ዓመቱ መዝጊያ ሳይሆን ሂሳቡ ከሚጸድቅበት ቀን ይሆናል፤ ከዚህም የበለጠ፣ ጥርጣሬ የሌለበት ድርጅት ሪፖርት ሳይቀር ስለ ቀጣይነት የሚናገር ክፍል ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ክፍል በሁሉም ሪፖርት ላይ ሲገኝ መኖሩ ብቻ ሰው የሚያስፈራበት ምክንያት ይቀንሳል፤ አንባቢው ከርዕሱ አልፎ ውስጡን ለማንበብ ይገደዳል። አለቆችህ የሚፈሩት የከተማው ትዝብትም ያን ጊዜ መልኩ ይለወጥ ይሆናል፤ ያለዚያም በዚሁ ዓምድ ላይ ከአንተ ጥያቄ በላይ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የተሰጠውን መልስ ለደንበኛቸው እንዲያሳዩት ንገራቸው።